«11/12/69 ሐ/ሜዳ»፦ የአንድ ተዋጊ ስኳድሮንን የጦርነትና የሰላም ዘመን ታሪክ በድሬዳዋ ስናሰባስብ የገጠመን

የጉዳዩ መነሻ

በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወደ መምህራን ክፍል መጡ። ልጁ ተማሪዬ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው የያዙት አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ የብረት ሳጥን ነው። «የባለቤቴ ነው፤ ካረፈ ሰባት ዓመቱ። ልጆቹ ቤቱን ሊያድሱ ነው። ይህን ሳጥን ጣይው ወይም አትጣይው የሚለኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ።

ሟቹ የአየር ኃይል የምድር ቴክኒሽያን ነበሩ። በሳጥኑ ውስጥ አንድ ፒንሳ፣ በላስቲክ የታሰረ የተማሪ ደብተር፣ ፎቶዎቹ ከገጹ ጋር የተጣበቁበት አልበምና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥቂት የመመሪያ ገጾች አገኘን። ደብተሩ ቀን፣ የአውሮፕላን ጭራ ቁጥርና የተሠራ ሥራ የተመዘገበበት ነው። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልጻፉም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሳጥን ተነስተን የኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን ስኳድሮን (የአውሮፕላኖቹንና የሠራተኞቻቸውን ክፍል) ታሪክ ከሰዎቹ አንደበት ለመሰብሰብ ያደረግነውን ሙከራ ይመዘግባል። የተሳሳትንባቸውን ቦታዎች አልደበቅሁም። የአባቶቻቸውን የባቡር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወይም የጦር ክፍል ታሪክ ለመሰብሰብ የሚነሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኛ የከፈልነውን ዋጋ ደግመው እንዲከፍሉ አልፈልግም። የተሳታፊዎቹን ስም አልጠቅስም፤ የቃላችን ውል ይኸው ነበር። ሌላ ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስኳድሮኑ የቆመበት ዘመን

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዕድሜ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈበት ከነሐሴ 1921 ይቆጠራል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ኃይሉን እንደገና ያቋቋሙት በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተመሩ ስዊድናውያን ሲሆኑ፣ ዋና ማዕከሉም በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በቀድሞዋ ደብረ ዘይት ሆነ። ፎን ሮዘን ከብዙ ዓመት በኋላ ለእርዳታ ሥራ ተመልሰው ሐምሌ 6 ቀን 1969 በጎዴ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሕይወታቸው አለፈ። የመሠረቱት ኃይል በሕይወቱ ትልቁን ፈተና ሊጋፈጥ የቀረው የቀናት ዕድሜ ነበር።

ከስዊድኖቹ በኋላ የአሜሪካኖቹ ዘመን መጣ። ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች ገቡ፤ ከእነዚህ አራቱ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኮንጎ ዘመቱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤፍ-5ኤ፣ ከአብዮቱ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ ተከተሉ። ኤፍ-5ኢ ሁለት ጄ-85 ሞተር፣ በአፍንጫው ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ በክንፎቹ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሳይድዋይንደር ሚሳይል የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ኢትዮጵያ የነበሯት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በሚያዝያ 1969 የደርግ መንግሥት የአሜሪካን ወታደራዊ ተቋማት ዘጋ፤ የመለዋወጫውም ምንጭ ደረቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር በኦጋዴን በኩል በሙሉ ኃይሉ ገባ። ሶማሊያ ሚግ-21 እና ሚግ-17 የተባሉ የሶቪየት ሥሪት ተዋጊ ጄቶች ነበሯት። በሐምሌ 1969 በምሥራቁ ሰማይ በተደረጉት ግጥሚያዎች ግን የበላይነቱን የያዙት ኤፍ-5ኢዎች ነበሩ። አውሮፕላኑ በዝቅተኛ ከፍታ ቶሎ ይታጠፋል፤ አብራሪዎቹ ለዓመታት በደንብ ሠልጥነዋል፤ ከምድርም በራዳር ይመሩ ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ድሬዳዋ በታንክና በመድፍ ስትጠቃ አየር ኃይሉ ከምድር ጦሩ ጋር ሆኖ ጥቃቱን መለሰ። በመስከረም 1970 መጀመሪያ ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረር ለወራት ተከበበች። ከኅዳር ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በአየር ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነጻ ወጣች፤ ዛሬ የካራማራ ድል ብለን የምናስበው ያንን ቀን ነው።

ይህን ያህሉን ማንኛውም የታሪክ መምህር ያውቀዋል። እኛ የምንፈልገው ከዚህ በታች ያለውን ነበር።

ችግሩ

የመጀመሪያው ችግር የሰነድ አለመኖር ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የአየር ኃይሉ አባላት ተበተኑ። ብዙዎቹ ወደ ማቆያ ካምፕ ገቡ፤ ከወጡ በኋላ ሾፌር፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ የሱቅ ነጋዴ ሆኑ። በየቤቱ የነበረ የበረራ መዝገብ፣ የምስክር ወረቀትና ፎቶ አንዳንዱ በፍርሃት ተቃጠለ፣ አንዳንዱን ምስጥ በላው። አንድ አባት «ዩኒፎርሜን ባለቤቴ ለጆንያ መጣፊያ አደረገችው፤ ደግ አደረገች» አሉን። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ነበር።

ሁለተኛው ችግር ከሰዎቹ ይልቅ ከእኛ የመነጨ ነው። ስለ ስኳድሮን ታሪክ ስናስብ በአእምሯችን ያለው አብራሪውና የጣለው ሚግ ብቻ ነበር። ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ያዘጋጀነው አሥራ ሁለት ጥያቄ ሁሉ ስለ ጦርነቱ ነው። አንድ ተዋጊ ስኳድሮን ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በሰላም ነው፤ በጦርነቱም ቀን ቢሆን በአንድ አብራሪ ጀርባ ብዙ ሰው አለ። ኤፍ-5 ሞተሩን ለማስነሳት ከውጭ የታመቀ አየር የሚነፋለት የማስነሻ ጋሪ ይፈልጋል። ጋሪው ካልመጣ ጀግናው አብራሪ መቀመጫው ላይ እንደታሰረ ይቀራል። ጋሪውን ማን ይገፋው ነበር? ጥያቄያችን ውስጥ አልነበረም።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። እሱን ለብቻው እተርከዋለሁ፤ ሥራችንን ሁሉ የገለበጠው እሱ ነውና።

የመጀመሪያው ስብሰባና ውድቀቱ

ቡድናችን እኔን፣ አንድ የአማርኛ መምህርና ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ያቀፈ ነበር። በሰው በሰው እየጠየቅን አሥራ ሦስት የቀድሞ አባላትን አገኘን። አብራሪ የነበሩት አንድ ብቻ ናቸው። የቀሩት የሞተር ቴክኒሽያን፣ የጦር መሣሪያ ጫኝ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ነዳጅ ቀጂ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሾፌርና የክበቡ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ።

ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰበሰብናቸው። ሻይ ቀረበ፣ መቅረጫ ተከፈተ። በማዕረግ የሚበልጡት ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ። ተራው ለሌሎቹ ሲደርስ እየተነሱ «ሻምበል እንዳሉት ነው» ብለው ተቀመጡ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላም ማዕረጉ አልተፈታም ነበር። በዚያ ቀን ቅጂ ውስጥ የሌሎቹ ሰዎች ንግግር ተደምሮ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጥፋቱ የሻምበሉ አይደለም፤ የጋበዝናቸው እኛ ነን፣ መድረኩንም የሰጠናቸው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተውን። በሙያ ከፋፈልናቸውና ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው በቤታቸው እንዲገናኙ አደረግን። ሰዓቱንም ቀየርን። በድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ባለው ሙቀት ሰው አይጠየቅም፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ደጅ ወጥቶ ነፋስ የሚቀበል ሽማግሌ ያለ ጥያቄም ያወራል።

ፒንሳው

የሟቹን ፒንሳ ወደ ቃለ መጠይቅ የወሰድሁት በአጋጣሚ ነው፤ ለፎቶ ልናነሳው በቦርሳዬ ነበር። ለሁለት የሞተር ቴክኒሽያኖች ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አንደኛው ምንም ሳይሉ አነሱት። እጃቸው መንጋጋውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ የኋላውን እጀታ ሳበ። ፒንሳው በመጠምዘዝ ይሽከረከራል። «የሴፍቲ ዋየር ነው» አሉ።

ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ሳንጠይቅ ነገሩን ማለት ይቻላል። አውሮፕላን ላይ ያለ ብሎን በንዝረት እንዳይላላ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ያልፍና ተጠምዝዞ ከጎረቤቱ ጋር ይታሰራል። ሽቦው የሚጎትተው ብሎኑ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው የታሰረ ሽቦ ካልታሰረ አይሻልም። የተቆረጠ ጫፉ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ቀጥሎ የሚነካውን ሰው እጅ ይቀድዳል። ሰውዬው መዳፋቸውን ገልብጠው የድሮ ጠባሳ አሳዩን። ከዚያ ስለ ነሐሴ ሙቀት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ የአውሮፕላን ቆዳ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ለምን በማለዳ መሥራት ይወዱ እንደነበር ነገሩን። የሞቀ አየር ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደር ይፈልጋል፤ ብዙ ቦምብ ሲጫን ደግሞ ይብሳል። ይህን ያስረዱን አብራሪው ሳይሆኑ ጎማ የሚቀይሩት ሰው ናቸው፤ የጎማውን መበላት የሚያዩት እርሳቸው ነበሩና።

መለዋወጫ ከተቋረጠ በኋላ ያለው ጊዜም የተገለጠልን ከዚሁ ጠረጴዛ ነው። ከቆመ አውሮፕላን ዕቃ ፈትቶ ለሚበረው መግጠም የየዕለት ሥራ ሆነ። «አንዱን ታርደዋለህ፣ ሁለቱን ታድንበታለህ። የትኛው እንደሚታረድ የሚወሰንበት ጠዋት ከቀብር አይለይም» አሉ ሁለተኛው። ይህን ዓረፍተ ነገር አሥራ ሁለቱ ጥያቄዎቻችን በምንም መንገድ አያወጡትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጃችንን ወደ ማንም ቤት አልሄድንም። ለነዳጅ ቀጂው የአሮጌ ቱቦ አፍ፣ ለሬዲዮው ሰው ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛነውን የጆሮ ማዳመጫ፣ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ትልቅ ጭልፋ ይዘን ሄድን። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያገኘናቸው የጦር መሣሪያ ጫኝ ግን ምንም አላስፈለጋቸውም። ሆጃ ቀድተው ከተማዋ በተከበበችበት ወራት የሦስተኛው ክፍለ ጦር ሰዎች አውሮፕላን ሲያልፍ በድምፁ ብቻ «የኛ ነው» እያሉ ይለዩ እንደነበር ሲነግሩን ድምፁን ራሳቸው እያሰሙን ነው።

የቀኑ እንቆቅልሽ

ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ጎበዝ ተማሪ ነበር። ቀኖቹን ሁሉ በሰንጠረዥ አስገባ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «11/12/69 ሐ/ሜዳ። ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ጎማ ሁለት። ምሳ የለም።» ተማሪው የአየር ኃይል ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ቀኑም የአውሮፓ ነው ብሎ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ 1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አደረገው። «ሐ/ሜዳ»ን «ሐረር» ብሎ አስገባ። በዚህ መሠረት ዝርዝሩ በሰላሙ ዘመን ምዕራፍ፣ በሐረር የተደረገ የልምምድ በረራ ተብሎ ተቀመጠ። እኔም አይቼ አለፍሁት። ሁለት ወር እዚያው ቆየ።

ስህተቱን ያወጣው የጭራ ቁጥሩ ነው። አብራሪው ሰንጠረዡን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆሙ። «ይህ ቁጥር የኢ ነው» አሉ። ኤፍ-5ኢ ገና ከፋብሪካ ወጥቶ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ነው። በ1969 በየትም ሰማይ ሊበር አይችልም። እንግዲያው ቀኑ የእኛው ነው፤ አሥራ አንደኛው ቀን፣ አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 1969። ነሐሴ 11። ድሬዳዋ የተጠቃችበት ቀን።

«ሐ/ሜዳ»ም ሐረር አይደለችም። ሐረር ሜዳ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአየር ኃይሉ ዋና ጣቢያ መጠሪያ ነው። ከሐረር ከተማ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው፤ በምሥራቅ ያደገ ልጅ ግን «ሐረር» የሚል ቃል ሲያይ ሌላ ቦታ አይታየውም። በኋላ አልበሙን ስንፈትሽ «ሐረር ሜዳ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አራት ፎቶዎች በተመሳሳይ ስህተት ከሐረር ክፍል ገብተው አገኘን።

ይህን ለሟቹ ባለቤት መንገር የእኔ ተራ ሆነ። በዚያ ነሐሴ ባለቤታቸው ከግዳጅ እንደማይመለሱ መልእክት ሲላክላቸው እርሳቸው ሕፃን ልጅ ይዘው እዚሁ ለገሀሬ አካባቢ ቀርተው ነበር። የመድፉን ድምፅ ሰምተዋል፣ ጄቶቹ በጣሪያው ላይ ሲያልፉም ሰምተዋል። ባለቤታቸው ያን ቀን የት እንደነበሩ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር በሕይወት ሳሉ ተናግረው አያውቁም። ደብተሩን አነበብሁላቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ምሳ የለም ነው ያለው?» ብለው ያን ቃል ብቻ ደጋግመው ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ የቀን አያያዛችንን ከሥሩ ለወጥን። እያንዳንዱ ቀን በሦስት ዓምድ ተጻፈ፦ ሰውየው እንዳለው ወይም እንደጻፈው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። የመጀመሪያው ዓምድ ፈጽሞ አይነካም። ለውጡ ሲሰላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ያለው ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት መሆኑን በየጊዜው አረጋገጥን። ይህ ጦርነት በክረምት ተጀምሮ አዲስ ዓመትን ተሻግሮ በየካቲት ያለቀ በመሆኑ በዚህ ስሌት የሚፈጠር ስህተት ብዙ ነው። አንድ አባት «በሰባው» ሲሉ የጅጅጋን መውደቅ ሊሆን ይችላል፣ ነጻ መውጣቷንም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977፣ ሁለተኛው በ1978 ነው። ዓመት ብቻ ከተባለ «ዝናብ ነበር? ሌሊቱ ይበርድ ነበር? ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?» ብለን እንጠይቃለን። ሰው ዓመተ ምሕረት ይረሳል፤ መስቀልን የት እንዳከበረ ግን አይረሳም።

አንድ ቃል

ፎቶዎቹን ለማሳየት የግድግዳ ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከተማሪዎቹ አንዷ «ሶማሌ ድሬዳዋን ያጠቃበት ዕለት» ብላ ጻፈች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ሌላኛው ተማሪ ግን ሶማሌ ነው፤ ድሬዳዋ የተወለደ፣ አባቱም አያቱም ድሬዳዋ የተወለዱ። ወረቀቱን አንብቦ ምንም አላለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አልመጣም።

ቤቱ ሄድሁ። አያቱ ተቀበሉኝ። በዚያ ዓመት በገዛ ከተማቸው እንዴት በጥርጣሬ ይታዩ እንደነበር፣ ከአንዳንድ ጎረቤት ጋር ሰላምታ እንዴት እንደተቋረጠ፣ መድፉ ሲወድቅ ግን የማንም ቤት ተለይቶ እንዳልተረፈ አጫወቱኝ። እኒህ አባት የስኳድሮኑ አባል አልነበሩም። ከእርሳቸው ቃል ውጭ ግን አውሮፕላኖቹ የተከላከሏት ከተማ ታሪክ ጎደሎ እንደሚሆን ያን ማታ ገባኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ቃላቸውን ቀዳሁ።

ጽሑፎቹን ሁሉ እንደገና አየናቸው። ጥቃቱን የፈጸመው «የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር» ወይም «የሶማሊያ ጦር» ነው፤ «ሶማሌ» የሚለው ቃል ለሕዝቡ ተተወ። የሽማግሌዎቹን የተቀዳ ቃል አልቀየርንም፤ የሰው ቃል የሰው ነው። በራሳችን እጅ በጻፍነው ላይ ግን ኃላፊዎቹ እኛ ነን። ልጁ ተመለሰ። እስከ መጨረሻውም ከሁሉ በላይ የሠራው እሱ ነው።

ሰላሙን መጻፍ

ስለ ሰላም ዘመን ስንጠይቅ ሁሉም መጀመሪያ የሚሉት «ምንም አልነበረም» ነው። ይህ «ምንም» ሲገለጥ ግን በጣም ሰፊ ነበር፤ የጠዋት ሰልፍ፣ የእንግሊዝኛ መመሪያ በመብራት የማጥናት ሌሊት፣ የፈተና ፍርሃት፣ ፓራሹት አጥፎ በማጠፊያው ካርድ ላይ ስም የመፈረም ክብደት፣ ለምድብ ሥራ ድሬዳዋ መጥቶ በከዚራ ዛፎች ሥር ሲንሸራሸሩ ሚስት ማግኘት። ከአሥራ ሦስቱ አምስቱ የድሬዳዋ ልጅ አግብተዋል። የኛ ሟችም እንዲሁ።

አብራሪው ያሉንን እንደ ወረደ ላስቀምጥ፦ «ሐምሌ 69 ላይ የተዋጋነው ሐምሌ 69 ላይ በተማርነው አይደለም። ማንም በማያየን ዓመታት አንድ ዓይነት መታጠፍ መቶ ጊዜ ስንደጋግም የተሠራ ነው።» ምዕራፎቹን ስናደራጅ የሰላሙን ከጦርነቱ በፊት ሙሉ ቦታ የሰጠነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰላም ግን መራራም ነበር። ከካራማራ በኋላ ሚጎች የኃይሉ ዋና መሣሪያ ሲሆኑ በአሜሪካ ሥርዓት ያደጉ ቴክኒሽያኖች እንደ አዲስ ተማሪ በሩሲያኛ መመሪያ ተቀመጡ። በጦርነቱ ስማቸው የገነነው አብራሪ ለገሠ ተፈራ ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቆዩ፤ የተፈቱት ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ስምምነት ካደረጉ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ የ1981 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራና የአለቆቻቸው ሞት፣ ከዚያ 1983። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የተበተኑት ባለሙያዎች ተፈልገው ተጠሩ። ከእኛ ሰዎች ሁለቱ ተመልሰዋል። አንዱ የብየዳ ሱቃቸውን ቁልፍ ለልጃቸው ሰጥተው በማግሥቱ እንደተሳፈሩ ነገሩን።

ያልሠራው

የጣልነውን እንጀራ ያህል የቆጨኝ የአልበሙ ጉዳይ ነው። ከገጹ የተጣበቀ አንድ ፎቶ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ይኖረዋል ብለን በቢላ ጫፍ ልናነሳው ሞከርን። የሁለት ሰዎች ፊት ተላጠ። ማን እንደነበሩ ከዚያ በኋላ ማንም ሊነግረን አልቻለም። የቀሩትን ሁሉ ከነአልበሙ፣ በጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ ሳንነካ በስልክ አነሳናቸው፤ መጀመሪያውኑም ይህ ይበቃ ነበር።

ማን ስንት ሚግ ጣለ የሚለውን ሰንጠረዥ ለመሙላት ሦስት ሳምንት ፈጀን። የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይለያያል፤ ሁለት ወዳጆችም በዚሁ ተኳረፉ። ሰንጠረዡን ቀደድነው። የምድር ሰው የሚያውቀው አውሮፕላኑ በክንፉ ጫፍ ሚሳይል ይዞ ወጥቶ ያለ ሚሳይል መመለሱን ነው፤ ከዚያ ያለውን ከሌላ ይሰማል። ስለዚህ እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይተን መዘገብን።

ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፍነው የትብብር ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ትርኢቱንም ያሳየነው በግንቦት ሙቀት በመሆኑ ከሽማግሌዎቹ ሦስቱ መምጣት አልቻሉም። ይህን የድሬዳዋ ሰው ሆኜ ማወቅ ነበረብኝ።

ለሌሎች ይጠቅማል የምለው

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ለመጠየቅ ከመሄድ በፊት የሙያውን ዕቃ መፈለግ ነው። ዕቃው እውነተኛው ባይሆን እንኳ ይሠራል። የባቡር ሠራተኛን ታሪክ የሚሰበስብ ሰው የሐዲድ ብሎን፣ የፋብሪካ ሠራተኛን የሚጠይቅ ማጠንጠኛ ይዞ ይሂድ። ሰዎችን በማዕረግ ከማደባለቅ በሙያ መለየት፣ አለቃውን ለብቻ በክብር መስማት ለአለቃውም ለበታቹም ይጠቅማል።

ቀንን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ፦ መጀመሪያ የተጻፈውን አትለውጡ። እኛ የዳንነው ደብተሩ በእጃችን ስለነበረ ነው፤ ሰንጠረዡ ብቻ ቢቀር ኖሮ ነሐሴ 11 ለዘላለም የልምምድ በረራ ሆኖ ይቀር ነበር። ቀን ከቀን ጋር ሲጋጭ ደግሞ ቀን ያልሆነ ምስክር ፈልጉ፤ የጭራ ቁጥር፣ የጎማ ዓይነት፣ ፎቶው ላይ ያለ ጥላ፣ በዓል።

የጦር ክፍል ታሪክ ሲሆን ወሰን ማበጀትም ያስፈልጋል። እኛ ስለ ኃይሉ ሥራ ከ1983 በፊት ባለው ላይ ብቻ ቆምን፤ ዛሬ በሥራ ላይ ስላለ ጣቢያ፣ መሣሪያም ሆነ ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቅንም፣ ሲነገረንም መቅረጫውን ዘጋን። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገራችን ሽማግሌዎቹን ከፍርሃት አውጥቷቸዋል። የማይፈልጉትን ቃል የማስጠፋት መብትም ሰጠናቸው። ሁለቱ ተጠቀሙበት፤ አጠፋን።

በመጨረሻም በአንድ ከተማ ላይ የወደቀን ጦርነት ስትጽፉ ከተማዋን ሁሉ ጠይቁ። የእኛ ዝርዝር ውስጥ ያልነበሩት የሶማሌው አያት ቃል ዛሬ የስብስቡ በጣም የሚጠየቅ ክፍል ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ከአሥራ ሦስቱ አራቱ አርፈዋል። ቅጂዎቹ በሦስት ቦታ ተቀምጠዋል፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በእኔ ዘንድ፣ አንዱ በየቤተሰቡ። ፒንሳውን እትዬ መልሰው ወስደዋል። ደብተሩን ግን ለተማሪዎች እንዲነበብ ትተውልናል፤ አንድ ነገር እንዲጨመርበት ጠይቀው።

ሟቹ የሚጽፉት በቀኝ ገጽ ብቻ ነበር፤ ግራው በሙሉ ባዶ ነው። ባለቤታቸው መጻፍ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እርሳቸው እየነገሩት፣ በዚያች ገጽ ትይዩ በሰማያዊ ብዕር ጻፈ፦ ሕፃኗን አልጋ ሥር እንዳስተኙ፣ ጎረቤት ውኃ እንዳቀበለቻቸው፣ ጄቶቹን ሦስት ጊዜ እንደሰሙ። በራሱ ላይ ቀኑን ያሰፈረው አያቱ በሚጽፉበት አኳኋን ነው፦ «11/12/69 ድሬዳዋ»።